አንድ አድራሻ፣ ሁለት ጠቋሚ

ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት አጭር ፕሮግራም ነው። አሥር መስመር አትሞላም። የሲ ቋንቋ ደንብ የሚከለክለውን አንድም ነገር አትሠራም። ነገር ግን ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ፍጥነት ለመጨመር ሦስት ማሻሻያዎችን ተራ በተራ ሲያደርግባት፣ በምንም መንገድ ልታትም የማይገባትን ቁጥር ታትማለች። ሦስቱን ማሻሻያዎች ለየብቻ ብትመረምሯቸው ደግሞ አንዳቸውም ነውር የሚገኝባቸው አይመስሉም። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡ፣ በየኮምፓይለሩ ውስጥ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የኮምፓይለር ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ክርክሩም ማንኛውም የሲ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ተምሮት የሚያልፈውን ጉዳይ እንደገና አስነሥቷል፦ ጠቋሚ፣ ያ የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው ዋጋ፣ በትክክል ምንድን ነው? እኔ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት የሚጠገነው መጀመሪያ ትርጉም ሲወሰን ነው። ትርጉሙ ሳይወሰን የሚደረግ ጥገና ስህተቱን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ፕሮግራሟን ላሳያችሁ። ሁለት አሬዮች፣ ማለትም በሜሞሪ ውስጥ ተከታትለው የሚቀመጡ ዋጋዎች ረድፎች፣ አሉ፤ አንዱን ሀ፣ ሌላውን ለ እንበላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ባይት ብቻ ይይዛሉ። ለ ውስጥ ዜሮ ተጽፏል። ከዚያ እንዲህ ትላለች፦

ቁ1 = «ሀ ሲደመር 1» የሚለው አድራሻ፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ተለውጦ
ቁ2 = የለ መጀመሪያ አድራሻ፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ተለውጦ
ቁ1 ከቁ2 ጋር እኩል ከሆነ፦
— ቁ2ን ወደ ጠቋሚ መልስ፤ በጠቆመው ቦታ ላይ 10 ጻፍ
— ለ ውስጥ ያለውን አትም

«ሀ ሲደመር 1» የሀ የመጨረሻ ባይት ካለቀ በኋላ የሚመጣው አድራሻ ነው። የሲ ደንብ ይህን አድራሻ ማስላትንም ማወዳደርንም ይፈቅዳል፤ በእርሱ በኩል ማንበብና መጻፍ ግን ክልክል ነው። ፈቃዱ የተሰጠው በአሬይ ላይ የሚዞር ሉፕ መቆሚያውን የሚያውቅበት ምልክት ስለሚያስፈልገው ነው። እናም ለ በሜሞሪ ውስጥ ከሀ ቀጥሎ ከተቀመጠ፣ የሀ ማብቂያና የለ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ይሆናሉ።

ስለዚህ ሁለት ዕድል ብቻ አለ። አሬዮቹ ካልተጎራበቱ ሁኔታው አይሟላም፤ ፕሮግራሟ ምንም አታትምም። ከተጎራበቱ ደግሞ ቁ2 የለ አድራሻ ነውና 10 ለ ላይ ይጻፋል፤ 10 ይታተማል። ሦስተኛ ዕድል የለም።

አሁን ኮምፓይለሩ ሥራውን ይጀምር። በመጀመሪያው እርምጃ ወደ ሁኔታው ውስጥ ሲገባ ቁ1 እና ቁ2 እኩል መሆናቸውን ያውቃል፤ ሁኔታው ራሱ ነግሮታል። ስለዚህ በቁ2 ፋንታ ቁ1ን ያስገባል። ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፤ 5 በ5 ቢተካ ምን ይጎድላል? በሁለተኛው እርምጃ ቁ1 ከየት እንደመጣ ይመለከታል። «ሀ ሲደመር 1» የሚለው ጠቋሚ ወደ ቁጥር ተለወጠ፤ አሁን ደግሞ ያው ቁጥር ተመልሶ ጠቋሚ ሊሆን ነው። ሄዶ መምጣት ስለሆነ ሁለቱንም ልወጣዎች ሰርዞ በቀጥታ «ሀ ሲደመር 1 ላይ 10 ጻፍ» ይላል። በሦስተኛው እርምጃ ለ ውስጥ ያለው ዋጋ ተለውጦ እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። የተጻፈው ከሀ በተገኘ ጠቋሚ በኩል ነው፤ ከሀ የተገኘ ጠቋሚ ደግሞ ለን ሊነካ አይችልም። እንግዲህ ለ አልተነካም፤ ዋጋው ያው ዜሮ ነው። ሜሞሪውን ማንበብ ይቀርና ትእዛዙ «0 አትም» ሆኖ ይጻፋል።

አሬዮቹ በተጎራበቱበት ጊዜ ፕሮግራሟ 0 ታትማለች። የሌለው ሦስተኛ ዕድል እውነት ሆነ።

ምሳሌውን በዚህ ቅርጹ በ2020 ያቀረበው ራልፍ ዩንግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋዎች ተመራማሪ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለስበት ለሌላ ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱን እርምጃ የሚጽፈው ሰው የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው የሒሳብ ሕግ ተከትሏል። ሁለተኛውን የጻፈው ከንቱ ሥራ አስወግዷል። ሦስተኛውን የጻፈው የሲን ደንብ አክብሯል። ሦስቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ማናቸውም «እኔ ነኝ» የሚልበት ምክንያት አያገኝም። እንዲህ ያለ ስህተት አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፍተሻ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው የተሳሳተ መስመር ነው፤ እዚህ ግን የተሳሳተ መስመር የለም፤ እርስ በርስ የማይስማሙ ሦስት እምነቶች ናቸው ያሉት።

እምነቶቹን ለይተን እንያቸው። የመጀመሪያው እርምጃ «አድራሻ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ከቁጥር እኩል ከሆነ ልዩነት የለውም» ብሎ ያምናል። ሦስተኛው እርምጃ በተቃራኒው «ሁለት ጠቋሚዎች አንድ ቁጥር ቢይዙም ከየት እንደመጡ ይለያያቸዋል» ብሎ ያምናል። ሁለተኛው በመካከል ቆሞ አንዱን ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አስቡ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ የወሰን ድንጋይ ይገናኛሉ። ድንጋዩ ያለበትን ነጥብ የለካ ሰው ለሁለቱም ይዞታ አንድ ልኬት ያገኛል። ከድንጋዩ ወዲያ የመገንባት መብት ያለው ግን የዚያኛው ካርታ ባለቤት ብቻ ነው። ጠቋሚም እንዲሁ ሁለት ነገር ነው፦ ቁጥሩ የት እንደሆነ ይናገራል፤ ምንጩ ደግሞ በየትኛው የሜሞሪ ክልል ላይ መብት እንዳለው ይናገራል። ምንጩ በማሽኑ ውስጥ አይታይም፤ በሬጅስተሩ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ፈጣን ማስቀመጫ፣ ያለው 64 ቢት ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ግን በሐሳቡ ይዞት ይዞራል፤ ውሳኔም ይሰጥበታል።

«ታዲያ ምንጭ የሚባለውን ነገር ለምን አንጥለውም? ጠቋሚ ቁጥር ነው ብለን ብንጨርስስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ ልምድ ያላቸው የሲ ፕሮግራመሮችም ይህን ይላሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ቸኩዬ አላልፈውም።

አንድ ተግባር ውስጥ ድምር የሚባል ተለዋዋጭ አለ እንበል፤ 0 ተሰጥቶታል። ቀጥሎ ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ፣ ኮምፓይለሩ ውስጡን የማያየው ተግባር ይጠራል። ሲመለስ ድምር ይታተማል። የድምር አድራሻ ለማንም አልተሰጠም። ኮምፓይለሩ ድምርን በሬጅስተር ይዞ፣ ጥሪው ካለፈ በኋላ ሜሞሪ ሳይነካ «0» ማተም ይችላል? ሁላችንም «አዎ» እንላለን። ነገር ግን ጠቋሚ ቁጥር ብቻ ከሆነ መልሱ «አይ» ነው። የተጠራው ተግባር የስታኩን (የተግባራት ተለዋዋጮች የሚቀመጡበትን የሜሞሪ ክፍል) አቀማመጥ ገምቶ፣ በዘፈቀደ አንድ ቁጥር ወደ ጠቋሚ ለውጦ፣ ልክ ድምር ያለበት ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላላ! የገመተው ቁጥር ከገጠመ፣ በዚህ አተያይ፣ ጽሕፈቱ ሕጋዊ ነው። እንግዲህ ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ሁሉንም ተለዋዋጭ ከሜሞሪ እንደገና ማንበብ አለበት። በሬጅስተር መያዝ የሚባለው፣ ያለ እርሱ ፈጣን ፕሮግራም የማይታሰበው ነገር፣ ያበቃለታል።

ስለዚህ ምንጭን መጣል አይቻልም። ሲ በስሌት ፍጥነቱ የሚኮራው ጠቋሚ ከቁጥር በላይ ነው በሚለው ውል ላይ ቆሞ ነው። ችግሩ ውሉ በግልጽ ሳይጻፍ መኖሩ ነው።

ጨርሶ አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። በ2001 ለሲ ቋንቋ ደረጃ ኮሚቴ ቁጥሩ 260 የሆነ የጉድለት ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ በ2004 መልስ ተሰጠው። የመልሱ ፍሬ ነገር ኮምፓይለሮች ዋጋዎች ከየት እንደመጡ መከታተል እንደሚፈቀድላቸው፣ ምንጫቸው የተለያየ ጠቋሚዎችንም ቢቶቻቸው አንድ ቢሆኑ እንኳ የተለያዩ አድርገው ማየት እንደሚችሉ የሚገልጽ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ሕጋዊ ድጋፉን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን መልሱ በደረጃው ሰነድ ዋና ጽሑፍ ውስጥ አልገባም፤ ጠቋሚ ወደ ቁጥር ተለውጦ ሲመለስ ምንጩ ምን እንደሚሆንም በዝርዝር አልወሰነም። ስህተታችን የተደበቀው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተቱ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ2015 ቁጥርን ወደ ጠቋሚ በመለወጥ ረገድ ማሻሻያዎቹ ከልክ አልፈዋል የሚል አቤቱታ ጂሲሲ በተባለው ኮምፓይለር ላይ ቀረበ። በ2017 ደግሞ በኤልኤልቪኤም የስህተት መዝገብ ላይ በቁጥር 34548 ሌላ ሰፈረ፤ አቤቱታው ሁለተኛውን እርምጃ በቀጥታ የሚመለከት ነበር፦ ጠቋሚን ወደ ቁጥር ለውጦ መመለስን በጭፍን መሰረዝ አይቻልም የሚል። ኤልኤልቪኤም የሲ ኮምፓይለሩ ክላንግ፣ እንዲሁም የስዊፍትና የረስት ቋንቋዎች ኮምፓይለሮች የቆሙበት መሠረት ነው። የሁለቱ ትልልቅ ክፍት ኮምፓይለሮች ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ሕመም ነበረባቸው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ቡድን ቸልተኝነት አለመሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ። በ2009 በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት)፣ ቱን በሚባለው የኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ፣ ታዋቂ የሆነ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቷል። ኮዱ በአንድ ጠቋሚ በኩል መጀመሪያ ካነበበ በኋላ ነበር ጠቋሚው ባዶ (ወደ ምንም የማይጠቁም) መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው። ጂሲሲ «ካነበብክበት ባዶ አይደለም ማለት ነው» ብሎ ምርመራውን ሰረዘው፤ አጥቂም በዚያ መግባት ቻለ። ከዚያ በኋላ ከርነሉ እንዲህ ያለውን ስረዛ በሚከለክል የኮምፓይለር አማራጭ እንዲገነባ ተደረገ። በዚያ ጉዳይ ብዙ ሰው ኮምፓይለሩን ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ይገባኛል። ነገር ግን በደንቡ ፊት የተሳሳተው ኮዱ ነበር፤ ባዶ ሊሆን በሚችል ጠቋሚ በኩል አንብቧልና። በእኛ ምሳሌ ግን ፕሮግራመሩ ያጠፋው ነገር የለም። ኮምፓይለሩ ትክክለኛ ፕሮግራም ተረክቦ የተሳሳተ ፕሮግራም አስረክቧል። በእኔ ሚዛን ከዚህ የከበደ ስህተት ኮምፓይለር ሊሠራ አይችልም፤ ምክንያቱም የፕሮግራሙ ጸሐፊ የራሱን ኮድ ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የማያገኘው ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ እርምጃዎች አንዱ መውደቅ አለበት። የትኛው ይውደቅ?

የመጀመሪያውን እንጣል ብንል፣ ሙሉ ቁጥሮችም ምንጭ ይሸከማሉ ማለታችን ነው። ያኔ እኩል የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን መለዋወጥ አይቻልም። ከራሱ ላይ ራሱን ቀንሶ ሌላ መደመር፣ ቅንፍ ማዛወር፣ የሉፕ ቆጣሪ መተካት፣ ይህ ሁሉ አደገኛ ይሆናል። ከአድራሻ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ተራ ሒሳብ ሁሉ ለጥቂት ጠቋሚዎች ሲል ይታሰራል። ሦስተኛውን እንጣል ብንል ደግሞ ቀደም ሲል ያየነው የድምር ጉዳይ ይመጣል፤ ሬጅስተር ያበቃለታል። የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ ያ ትንሽ፣ ምንም የማይሠራ የሚመስለው፣ የሄዶ መምጣት ስረዛ። ጠቋሚን ወደ ቁጥር መለወጥ ምንጩን ማራገፍ ነው፤ ቁጥርን ወደ ጠቋሚ መለወጥ ደግሞ ሌላ ምንጭ መስጠት ነው። ሄዶ የመጣው ጠቋሚ የሄደው ጠቋሚ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ልወጣዎች ሰርዞ ጥንቱን ጠቋሚ መመለስ ትርጉም ይለውጣል።

ወደዚህ መደምደሚያ የሚወስደውን መንገድ በዝርዝር ያስቀመጠ ጥናት በ2018 ወጣ። ጸሐፊዎቹ ጁንዮንግ ሊ፣ ቹንግ-ኪል ሁር፣ ራልፍ ዩንግ፣ ዠንግያንግ ሊዩ፣ ጆን ሬገርና ኑኖ ሎፔዝ ናቸው፤ ከሴኡል፣ ከጀርመን፣ ከዩታና ከካምብሪጅ ተገናኝተው የሠሩት ነው። ሐሳባቸው ሁለት ዓይነት ጠቋሚ ይኑር የሚል ነው። ከሜሞሪ ምደባ በቀጥታ የተገኘው ጠቋሚ ክልሉን ይዞ ይጓዛል፤ ከክልሉ ሊወጣ አይችልም። ከሙሉ ቁጥር የተሠራው ጠቋሚ ግን አስቀድሞ ለአንድ ክልል አልተሰጠም፤ በአድራሻው ላይ የተገኘውን ክልል ሊነካ ይችላል። ኮምፓይለሩ ስለ መጀመሪያው ዓይነት በድፍረት ያስባል፤ ስለ ሁለተኛው በጥንቃቄ። አድራሻው ለማንም ያልተነገረውን ተለዋዋጭ ደግሞ ማንም በግምት ሊደርስበት አይፈቀድለትም፤ የድምር ነገር በዚህ ዳነ።

ይህ በወረቀት ላይ ያምራል። በኮምፓይለር ውስጥ ስታስገቡት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የሥራው ክብደትም እዚህ ነው ያለው። ስረዛውን ካቆማችሁ በፕሮግራሙ ውስጥ ብዙ ከቁጥር የተሠሩ ጠቋሚዎች ይቀራሉ፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ኮምፓይለሩ ይፈራል፤ ፕሮግራሙም ይዘገያል። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ልወጣዎች ከየት እንደሚመጡ ሲመለከቱ ግን ደስ የሚል ነገር አገኙ፦ ብዙዎቹን የሚጨምረው ራሱ ኮምፓይለሩ ነው። ሁለት ጠቋሚዎችን መቀነስ ሲያስፈልግ ክላንግ ሁለቱንም ወደ ቁጥር ለውጦ ይቀንሳቸዋል። ስምንት ባይት መገልበጥ ሲያስፈልግ ኤልኤልቪኤም ግልበጣውን አንድ ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ወደ ማንበብና መጻፍ ይለውጠዋል፤ በእነዚያ ስምንት ባይቶች ውስጥ ጠቋሚ ከነበረ፣ ማንም ሳያዝዝ በመንገድ ላይ ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥገናው ሁለት ክንድ ነበረው። በአንዱ አደገኛውን ስረዛ መተው፤ በሌላው ኮምፓይለሩ ያለ ምክንያት ጠቋሚን ወደ ቁጥር መለወጡን እንዲያቆም ማድረግ። ለምሳሌ የሁለት ጠቋሚዎችን ልዩነት ልወጣ ሳያስፈልግ በቀጥታ የሚያሰላ አዲስ ትእዛዝ በሙከራ ሥራቸው ውስጥ ጨምረዋል። እኔ ከዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቀው ይህን ነው። ደንብ አውጥተው «ፍጥነቱ ቢቀንስም ቻሉት» አላሉም፤ ፍጥነቱ የት እንደሚፈስ ፈልገው ቀዳዳውን ደፈኑት።

ከጎን አንድ ሌላ ጥገና ልጥቀስ። እኩል የሆኑ ሁለት ጠቋሚዎችን መለዋወጥም፣ ወደ ቁጥር ሳይለወጡ ቢሆን እንኳ፣ ያው ችግር አለበት፤ የወሰን ድንጋዩን ታስታውሳላችሁ። በኤልኤልቪኤም ውስጥ አሁን ከመተካት በፊት «እኩል ቢሆኑስ መተካት ይፈቀዳል?» ብሎ የሚመረምር ተግባር አለ። አንዱ ባዶ ጠቋሚ ከሆነ ወይም ሁለቱ ከአንድ ምንጭ መምጣታቸው ከታወቀ ይፈቅዳል።

እንዲህ ያሉ ስህተቶችን ዓይን ብቻውን አይደርስባቸውም። በ2021 ይፋ የሆነው አላይቭ2 የተባለው መሣሪያ ኮዱን ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ተቀብሎ፣ ሁለቱን ወደ ሒሳባዊ ቀመር ይለውጥና ዚ3 ለሚባል ፈቺ ይሰጣል። ጥያቄው አንድ ነው፦ የኋለኛው፣ የፊተኛው የማያደርገውን ነገር የሚያደርግበት ግብዓት አለ? ካለ ግብዓቱን ራሱን ያሳያችኋል። መሣሪያው በኤልኤልቪኤም የራሱ የሙከራ ስብስብ ላይ ሲሮጥ 47 አዳዲስ ስህተቶች አግኝቷል፤ ሥራው በታተመበት ጊዜ 28ቱ ታርመው ነበር። ከዚህም ሌላ በኤልኤልቪኤም የቋንቋ መመሪያ ላይ ስምንት ማስተካከያዎች እንዲደረጉ ምክንያት ሆኗል። እነዚያን ስምንት ማስተካከያዎች ከ47ቱ ስህተቶች አላሳንሳቸውም። መመሪያው ግልጽ ካልሆነ መሣሪያው ራሱ ምን ስህተት፣ ምን ትክክል እንደሆነ የሚፈርድበት ሕግ የለውም።

ውሉን በግልጽ የመጻፉ ሥራ በሌሎች አካባቢዎችም ተጀምሯል። የሲ ኮሚቴ ሲሠራበት የቆየው የጠቋሚ ምንጭ ሰነድ በ2025 ቴክኒካዊ ዝርዝር ሆኖ ታትሟል፤ ሰነዱ ሙሉ ቁጥሮች ምንጭ አይሸከሙም ይላል፤ ጠቋሚን ወደ ቁጥር መለወጥ ደግሞ የሜሞሪውን ክልል ለወደፊት ልወጣ የሚያጋልጥ ተግባር ነው ብሎ ይወስናል። የረስት ቋንቋ በ2022 በሙከራ የጀመራቸውን አዳዲስ ተግባራት በጥር 2025 በወጣው 1.84 ስሪቱ አጽንቷቸዋል። አንዱ የጠቋሚውን አድራሻ ብቻ ይነግራል፤ ሌላው የነባሩን ጠቋሚ ምንጭ ይዞ አድራሻውን በሌላ ይተካል፤ ሦስተኛው ምንጩን አውቆ፣ በግልጽ ያጋልጣል። ቀድሞ አንድ ልወጣ ሦስቱንም በዝምታ ይሠራ ነበር።

ሃርድዌሩም መጥቷል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ኤስአርአይ ኢንተርናሽናል ከ2010 ጀምሮ በሠሩት ቼሪ በተባለው አሠራር፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ጠቋሚው 128 ቢት ይሆናል፤ ከአድራሻው ጋር ወሰኑንና ፈቃዱን ይይዛል፤ ሐሰተኛ ጠቋሚ እንዳይሠራም የተሰወረች አንዲት ቢት ትጠብቀዋለች። አርም ሞሬሎ የተባለውን የሙከራ ቦርድ በ2022 በዚህ አሠራር አውጥቷል። እዚያ ምንጭ የኮምፓይለሩ ሐሳብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማሽኑ የሚያየው ነገር ሆኗል።

ለዕለት ሥራችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ላሳይ። ጠቋሚዎች በስምንት ባይት ሲደረደሩ፣ ማለትም አድራሻቸው ለስምንት ያለ ቀሪ ሲካፈል፣ የአድራሻቸው የመጨረሻ ሦስት ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው። ብዙ ፕሮግራሞች ያንን ባዶ ቦታ ምልክት ያስቀምጡበታል፤ ጉግል የሠራው ቪ8 የተባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር ትንንሽ ቁጥሮችን ከጠቋሚዎች የሚለየው በመጨረሻዋ ቢት ነው። ይህን በሲ ስትሠሩ የለመድነው መንገድ ጠቋሚውን ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ቢቷን አብርቶ፣ መልሶ ጠቋሚ ማድረግ ነው። ይህ መንገድ ምንጩን አራግፎ ኮምፓይለሩ በግምት እንዲመልሰው ይጠይቀዋል። ሌላ መንገድ አለ። ከምደባው ያገኛችሁትን፣ ቢቷ ገና ዜሮ የሆነችውን ጠቋሚ ወደ ባይት ጠቋሚ ለውጡና 1 ደምሩበት፤ ስትፈልጉ 1 ቀንሱ። ቢቷ በርታ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ወደ ቁጥር ለውጣችሁ እዩ፤ ያን ቁጥር ግን ወደ ጠቋሚ አትመልሱት። ምንጩ አንድም ጊዜ አይቋረጥም። ማሽኑ የሚሠራው ያንኑ የመደመር ትእዛዝ ነው፤ ለኮምፓይለሩ ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

በጥያቄው ሰዓት አንዲት ተማሪ «ታዲያ ያችን ፕሮግራም ዛሬ ማታ ቤቴ ሄጄ በክላንግ ብሞክራት ምን ታትማለች?» ብላ ጠየቀች። መልሴን እዚህ ላስፍረው። ማሻሻያ አጥፍተሽ ብትሞክሪ ምንም አታትምም ወይም 10 ታትማለች፤ ይህ በአሬዮቹ አቀማመጥ ይወሰናል። ማሻሻያ ከፍተሽ ብትሞክሪ ውጤቱ እንደ ስሪቱና እንደ አቀማመጡ ይለያያል፤ ኮምፓይለሩ ሁኔታውን ገና ከመጀመሪያው ሐሰት ነው ብሎ ሊጥለውም ይችላል፤ ያም ትክክል ነው። 0 ካየሽ ግን ስህተቱን በዓይንሽ አይተሻል። ኤልኤልቪኤም ያንን ስረዛ የሚያቆም ውስጣዊ መቀያየሪያ ተጨምሮለታል፤ በነባሪ ግን ስረዛው እንደበራ ነው የቆየው፤ ምክንያቱም ከኮምፓይለሩ የራሱ ልወጣዎች ገና ያልተወገዱ አሉ። እነርሱን የማጽዳቱ ሥራ ቀጥሏል። በ2021 ለግልበጣ የሚሆን፣ ጠቋሚም ቁጥርም ሊይዝ የሚችል የባይት ዓይነት እንዲጨመር ሐሳብ ቀርቧል፤ በ2025 ደግሞ ምንጩን ሳያጋልጥ አድራሻውን ብቻ የሚያወጣ አዲስ ትእዛዝ ወደ ኤልኤልቪኤም ገብቷል። ለማወዳደር ብቻ የሚደረጉት ልወጣዎች ወደዚህ ትእዛዝ በተዛወሩ ቁጥር፣ ስረዛውን በነባሪ ለማጥፋት የሚከፈለው ዋጋ ያንኑ ያህል ይቀንሳል።